አንድ ክኒን ለአራት

ዶካ አጠገብ፣ ጥር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእታለም ያለምወርቅ፣

የካርቱም ሙቀትና የላቦራቶሪው አለቃሽ ሁለቱም ረገብ ብለውልሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። "ሦስት ወር ሙሉ ድምፅህን ያጠፋኸው ምን ሆነህ ነው?" ላልሽው ይቅርታ። ወረቀት አጥቼ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ ግን ይህንን በምን ላይ ጻፍኸው ትይኛለሽ።

ክሊኒኩ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ግድግዳው ሣር፣ ጣሪያው ሣር፣ ድሬሰሩ እኔ። ከመተማ በኩል የሚሻገረው ሰው አልቆመም። የደረሰው ሁሉ እዚህ ሜዳ ላይ ጎጆ ይቀልሳል፤ ጎጆ ከጎጆ ተጠጋግቶ ሲታይ መንደር መስሏል። ዘንድሮ በዚህ በኩልም ዱራው፣ ማሽላው ማለቴ ነው፣ ስላልያዘ የሱዳኖቹ ፊት ራሱ ከስቷል። እንዲያም ሆኖ ውኃ አልከለከሉንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከዶካ ካርቱም የሚመላለሰው ጀማሉ በሚያመጣልሽ ጠርሙስ ውስጥ በመግል የተነከረ ጥጥ አለ። መግሉ ረዳ የሚባል የአንድ ሰሊጥ አጫጅ ነው። በኅዳር ቁረይሻ እርሻ ላይ ማጭድ ቅልጥሙን መታው። ቁስሉ ላይ ላዩን ይድንና እንደገና ያመግላል፤ አሁን አጥንቱ ድረስ ገብቷል። ከገዳሪፍ አልፎ አልፎ የሚመጣው ሐኪም አይቶት፣ "ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሰው መጋቢት መጨረሻ ላይ ይመጣል። እስከዚያ ካልተሻለው ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል" ብሏል። ፔኒሲሊን እንዳንወጋው መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ከዚያ ዓይኑ ያብጣል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድልለት ፈልጊልን። ጥሩ ሰው ነው፤ እግሩን ይወደዋል።

ስለ ጤናዬ የጠየቅሽኝን ከላይ መልሻለሁ።

ወንድምሽ አስናቀው

*

ካርቱም፣ ጥር 19 ቀን 1977

ወንድም ዓለም፣

መልሻለሁ ያልኸውን መልስ ሁለት ጊዜ ፈለግሁት፤ "ደህና ነኝ" የምትል ሁለት ቃል አገኘሁ። ለጊዜው ተቀብያታለሁ።

ጠርሙስህ የፀጉር ቅባት ይሸታል። ጀማሉን ብገሥጸው "ተቀቅሎ ታጥቧል" ብሎ ማለልኝ። እንደ እድል ሆኖ ባክቴሪያው ቅባቱን አልፈራም። የበግ ደም በተቀላቀለበት ጄሊ ላይ ቀባሁት፤ በማግሥቱ ወርቅማ ነጠብጣብ ሆኖ ሞላው። ከዚያ በሌላ ሳህን ላይ ዘርቼ፣ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አራርቄ ደረደርሁበት። መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይወጣል። የማይገድለው ከሆነ ባክቴሪያው ወረቀቷ ሥር ድረስ ይበቅላል።

ሮዙ ክኒን፣ ኤሪትሮማይሲን ማለቴ ነው፣ ምንም አላደረገውም። መርፌው ሊንኮማይሲን ግን ሰፊ ክብ አውጥቷል። ለሐኪማችሁ ይህንኑ ንገረው።

አንድ ነገር ግን ቆርቁሮኛል። እነዚህ ሁለቱ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን የሚይዙት በአንድ ቦታ ነው። አንዱን እንዲህ ንቆ ሌላውን መፍራቱ አልጣመኝም። ረዳ እስካሁን ምን ሲወስድ ነበር? ስንት ጊዜ? ስንት ስንት? ይህን ሁሉ መጻፍ ነበረብህ። ጎንደር ተምረህ የለም እንዴ!

እህትህ ያለምወርቅ

*

ዶካ አጠገብ፣ ጥር 28 ቀን 1977

እታለም፣

ቁጣሽ በሰላም ደርሶኛል።

ረዳ ሮዙን ክኒን መውሰድ ከጀመረ አርባ ቀን አልፎታል፤ አሁንም አላቆመም። በቀን አራት ነበር የታዘዘለት። የሚወስደው ግን አንድ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሩብ። "ሌላውስ የት ይሄዳል?" ትያለሽ። እነግርሻለሁ፤ ግን በሰውየው አትፍረጂበት።

እዚህ በአንድ መሥመር የተቀለሱት ጎጆዎች አብረው የተሰደዱ ሰዎች መኖሪያ ናቸው። በመንገድ ላይ አንዲት ቁራሽ ብትገኝ ለአራት ትቆረስ ነበር። ለብቻው የበላ ሰው አላየሁም። የተረፉትም በዚያ ነው ብለው ያምናሉ፤ እኔም አምናለሁ። አሁን ረዳ ክኒኑን ሲያወጣ፣ ጎኑ ያለው ሽማግሌ ዳምጤ እግሩ ቆስሏል፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ባልና ሚስትም ሰውነታቸው እከክ ሆኗል። ቢላዋ አውጥቶ ለአራት ይቆርሳታል። ማንም ለምኖት አይደለም። ሰው እያየው እንዴት ብቻውን ይዋጥ? ብቻውን ቢውጣት ኖሮ ጉሮሮው ላይ ትቆምበት ነበር። አንቺ ብትሆኚ ትውጫት ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ሐኪሙ ውጤትሽን አይቶ ደስ ብሎታል። መርፌው ከገዳሪፍ በዚህ ሳምንት ይመጣል፤ ልንጀምርለት ነው። ለረዳ ነገርሁት፤ አንቺን መርቆሻል።

አስናቀው

*

ካርቱም፣ የካቲት 6 ቀን 1977

አስናቀው፣

ይህን ስታነብ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። መርፌውን ከጀመራችሁ አቁሙ፤ ካልጀመራችሁ አትጀምሩ።

ጄሊው አልቆብን ለቁጠባ ብዬ ወረቀቶቹን በአንዲት ትንሽ ሳህን ላይ አጠጋግቼ ደረደርኋቸው። ሮዙና መርፌው ጎን ለጎን ሆኑ። በማግሥቱ ሳየው የመርፌው ክብ ክብ አይደለም። ከሮዙ ጋር ፊት ለፊት በተያየበት በኩል እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። እዚያ ጋ ባክቴሪያው መርፌውን ተቋቁሞ በቅሏል። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለሐኪሙ አሳየው።

ምን ማለት እንደሆነ አለቃዬ ከመጽሔት አንብቦ አስረድቶኛል፤ አንተም ትረዳዋለህ። ባክቴሪያው ራሱን የሚያድንበትን ጂን ይዞት ይኖራል፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራበትም። መከላከያ መሥራት ጉልበት ይበላል። ያለ ጠላት የሚለፋ ባክቴሪያ ከጎረቤቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ትእዛዙ ከጂኑ ይገለበጥና እንደ ደብዳቤ ታጥፎ ይቀመጣል። ዋናው ቃል እጥፋቱ ውስጥ ስለሆነ አይነበብም። ሮዙ ክኒን በጥቂቱ ሲገባ፣ ትእዛዝ የሚያነበውን የባክቴሪያውን ማሽን ገና መጀመሪያው መሥመር ላይ ይይዘዋል። ማሽኑ እዚያ ሲገተር እጥፋቱ ይፈታል። የተፈታውን ያልተያዘ ሌላ ማሽን ያነበዋል፤ መከላከያውም ይሠራል። መከላከያው ማሽኖቹ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ሮዙም መርፌውም የሚጨብጡት ቦታ ያጣሉ።

እንግዲህ መርፌው በመጀመሪያው ሳህን ላይ ጎበዝ የመሰለው ባክቴሪያውን ያስጠነቀቀው ስላልነበረ ነው። በረዳ ሰውነት ውስጥ ግን ሮዙ በየቀኑ በሩብ በሩቡ እየገባ አርባ ቀን ሙሉ ሲያስጠነቅቅ ከርሟል። ሙሉውን ቢውጥ ይድን ነበር ብዬ አልምልም። መቆራረሱ ግን ማንንም አላዳነም፤ የአራቱንም ባክቴሪያ ቀሰቀሰ እንጂ። አሁን ሮዙን ቢያቆምም መርፌው አይታመንም፤ ከሚሊዮኖቹ መካከል እጥፋቱ ጨርሶ የተበላሸበት፣ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚኖር አይጠፋም። መርፌው ሌላውን ገድሎ እሱን ያስቀርላችኋል።

አሁን ደግሞ ስለ ረዳ።

እኔ የማውቀው በፔኒሲሊን መጀመሪያ ከንፈሩ፣ ከዚያ ዓይኑ የሚያብጥ ሰው አንድ ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ መተማ ላይ ተወግቶ እኔ አዝዬው ወደ ቤት ስመለስ ዓይኑ ጠፍቶ "እታለም፣ መሸ እንዴ?" ይለኝ ነበር። ደግሞ ለሌላ ሰው ክኒን ያን ያህል ጠበቃ የሚቆም ድሬሰር አላየሁም።

ረዳ አንተ ነህ።

ምን ልበልህ? እግርህን ልታጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ፀጉር ቅባት እጽፍልሃለሁ! አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ተናድጃለሁ፤ አሁን ሁለቱንም ጨርሼ እሠራለሁ። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን ነጭ ክኒን ከሮዙ ጎን አስጠግቼ ፈተንሁት፤ ክቡ ሳይነካ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ለስድስት ሳምንት የሚበቃህን በጀማሉ ልኬያለሁ። ጧት ሁለት፣ ማታ ሁለት፣ ውኃ አብዝተህ። ሽፍታ ካየህ አቁመህ ለሐኪሙ ንገር። አንዲትም አትቆረስ። በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፤ ብቻህን ዋጥ።

ያለምወርቅ

*

ዶካ አጠገብ፣ የካቲት 14 ቀን 1977

እታለም፣

ይቅር በዪኝ። ተስሪህ፣ የመንገድ ፈቃዱን፣ ሳይሰጡሽ ዘለሽ እንዳትመጪና መንገድ ላይ እንዳያስሩሽ ብዬ ነው። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ አፍሬ ነው። ሌላውን የማክም ሰው የራሴን ቅልጥም ማከም አቃተኝ ብሎ ለታላቅ እህት መጻፍ ቀላል አይደለም። ክሊኒኩ ሳይከፈት በፊት ከሰዎቹ ጋር ሰሊጥ ላጭድ ሄጄ ነው የመታኝ፤ ማጭዱም የራሴ ነበር።

መርፌውን ሦስት ቀን ተወግቻለሁ፤ ትኩሳቱ አልበረደም። ሐኪሙ መጀመሪያ "ከካርቱም ሆና ታዘናለች?" ብሎ ተቆጣ። ሥዕልሽን ሰጠሁት። አየው፣ አዞረው፣ አሁንም አየው። ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መርፌውን እንዳቆም አዘዘኝ።

ነጩን ጀምሬያለሁ። ሮዙንም አቁመናል፤ ዳምጤና ባልና ሚስቱም ጭምር። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ሚስቲቱ "ታዲያ የሰጠኸን በሽታ ነበር?" አለችኝ። መልሱ አዎ መሆኑ ነው የከፋው።

ብቻዬን መዋጥ ትላንት ማታ ጀመርሁ። ጎጆው ደጃፍ ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዋጥሁ። ከመርፌው ይልቅ ይህ አመመኝ።

ስለ ክኒኑ ቁጥር አታስቢ፤ በቂ ነው።

አስናቀው

*

ዶካ፣ የካቲት 24 ቀን 1977

ቢስሚላሂ። ይህ የኡምሰልማ ቃል ነው፤ የጻፈው ጀማሉ ነው።

ያ ብንቲ፣ ልጄ ያለምወርቅ፣ እንዴት ነሽ? ተማም ነሽ? እኔን አታውቂኝም። ዶካ ሱቅ ዳር ኪስራ፣ የዱራ ቂጣ፣ እሸጥ ነበር፤ ዘንድሮ ዱራው ከየት ይምጣ፣ አሁን ያንን የሣር ክሊኒክ እጠርጋለሁ። ወንድምሽ "ደህና ነኝ" ብሎ ይጽፍልሻል። ወላሂ ደህና አይዶል። ግን ደህና ይሆናል ኢንሻላህ፤ ስለዚህ አትደንግጪ።

አንቺ ካርቶኑ ላይ "ለአስናቀው ብቻ" ብለሽ ጽፈሻል። ጀማሉ አነበበልኝ። እንግዲያ እኔ አማና፣ አደራ፣ ተቀበልሁ ብዬ በየቀኑ ሑቡቡን፣ ክኒኑን፣ እቆጥራለሁ። ሰኞ ለት አራት ጎደለ። "የት ሄደ?" አልሁት። "ዋጥሁት" አለኝ። ሲዋሽ ጆሮውን ያካል፤ አንቺም ታውቂለት ይሆናል። እያከከ ነበር።

ባሕሪያ የምትባል አራስ አለች። ጡቷ አብጦ ልጅ ማጥባት አቅቷታል። ለሷ ነው የሰጣት። ሂጄ "አምጭው" አልኋት። "እሱ እኮ ነው የሰጠኝ፣ እናቴ" አለችኝ። "እሱ የሰጠሽ እግሩን ነው፤ አምጭው" አልኋት። ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አራቱንም መዳፌ ላይ ጣለችልኝ። አለቀሰች። እኔም ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ። ልጄ፣ ስድሳ ዓመት ኖሬ ከሰው እጅ መድኃኒት ቀምቼ አላውቅም። ክፉ ሥራ ነው። ያንቺ ትምህርት ውሸት ከሆነ አላህ ይጠይቅሽ።

አሁን ጧትና ማታ ሰልፍ ነው። ከሮዙ ሩብ ሩብ የደረሳቸው ሁሉ መጥተው ይቀመጣሉ። ከሌላው መሥመርም ይመጣሉ። እሱ ይውጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያነሳል፣ እናያለን። "እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?" ይላል። "አዎ፣ የራስህን እግር የሰረቅህ ሌባ ነህ" ይሉታል። ይስቃሉ። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ ያየሁ አሁን ነው። ግድግዳ ማየቱንም ትቷል።

ለባሕሪያ ለብቻዋ ላኪላት። ሙሉውን። የቀማኋት እኔ ነኝና አታሳፍሪኝ።

*

ካርቱም፣ መጋቢት 8 ቀን 1977

ለተከበሩ ለእናቴ ለኡምሰልማ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ትምህርቱ ውሸት አይደለም። እርስዎ ያደረጉትን እኔ እዚያ ብሆን ላደርገው አልችልም ነበር፤ ሳህን አይቶ መናገር ይቀለኛል። ለባሕሪያ የሚሆነውን በጀማሉ ልኬአለሁ፤ ካርቶኑ ላይ ስሟ አለ። የእሷ ሌላ ዓይነት ነው፤ አንድም ሳይጎድል እስከ መጨረሻው ትውሰደው። ፔኒሲሊን አስቸግሯት እንደሆነ አስናቀው አስቀድሞ ይጠይቃት። ጡቷንም ከፍቶ መግሉን ያውጣላት፤ መግል ተቀምጦ ክኒን ብቻውን አይሠራም።

አስናቀው፣ ጆሮህን ማከክ አቁም።

ስለ ባልና ሚስቱ ጥያቄ አስቤበታለሁ። "የሰጠኸን በሽታ ነበር?" ላሉህ፣ አላወቅሁም ነበር በላቸው፤ እውነቱ ይኸው ነው። እኔም ሳህኑ ባይጠብብኝ ኖሮ በተሳሳተ መርፌ ላይ ፈርሜልህ ነበር። ወደ ፊት የምታካፍለው ሲኖርህ ሰውን ቁጠር፤ ክኒኑን አትቁረስ። ለሁለት ሰው ሙሉ ከበቃ ሁለት ሰው አክም፤ ለሦስተኛው ወደ እኔ ጻፍ። እኔ እለምናለሁ፣ እሰርቃለሁ፣ አለቃዬን አስቸግራለሁ። ይህንን ለእኔ ተውልኝ።

ሌላ መግል ላክልኝ። ዳምጤ እንዴት ነው? ስለ እግሩ አንድም ነገር አልጻፍህልኝም።

ያለምወርቅ

*

ካርቱም፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1977

ወንድም ዓለም፣

ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። ከተማው አድማ ላይ ሰንብቶ መንግሥትም ተለውጧል፤ መንገዱ ገና አልተረጋጋም። ሦስት ቀን መብራት ስላልነበረ የላክኸውን መግል የዘራሁበትን ሳህን በሰውነቴ ሙቀት ላቆየው ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አስሬው ዋልሁ።

ዛሬ ከፈትሁት። ምንም አልበቀለም። አንድም ነጠብጣብ የለም። መድኃኒቱ ገና ሰውነትህ ውስጥ ስላለ ይህ የመጨረሻው ቃል አይደለም፤ ይህን እንደ ባለሙያ እጽፍልሃለሁ። እንደ እህት ደግሞ ባዶውን ሳህን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ሮጥሁ።

መጋቢት መጨረሻ አልፏል። የቀዶ ጥገናው ሰው መጥቶ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ካንተ አንዲት መሥመር የለኝም። መንገዱ ተዘግቶ ነው እላለሁ ለራሴ። ከዚያ ደግሞ የአንተን ዝምታ አስታውሳለሁ። ተቆርጦም ከሆነ ንገረኝ። አንድ እግር ያለው ወንድም ይበቃኛል፤ የሚዋሽ ወንድም ግን አልፈልግም።

ተስሪህ ሰጥተውኛል። ሚያዝያ 24 ከካርቱም በሚነሳው ባስ ገዳሪፍ እደርሳለሁ።

ያለምወርቅ

*

ዶካ አጠገብ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1977

እታለም፣

ከእንግዲህ አልደብቅሽም ብያለሁና በከባዱ ልጀምር። ዳምጤ ሞቷል፤ በየካቲት። ተቅማጥ ነው የወሰደው፤ እግሩ እየጠገገ ነበር። በራሴ አፍ አላወጣው ብዬ ነው የዘለልሁሽ። ከመሥመራችን የቀበርነው አምስተኛው ሰው ነው። ሕዝቡ እንደ አባት አልቅሶለታል።

ባሕሪያ ድናለች። ልጁን ታጠባለች። ኡምሰልማ ካርቶኑን በራሷ እጅ ወስዳ ስትሰጣት ተቃቅፈው ቆዩ።

አሁን ወደ እኔ። የቀዶ ጥገናው ሰው መጋቢት 29 መጣ። መጋዙን ይዞ ነው የመጣው፤ በሣጥን ውስጥ አየሁት። ሐኪማችን ያንቺን ሥዕል ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ ከላብ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል። ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ አደነዘዙኝና ቁስሉን ከፈተው። የሞተ አጥንት አወጣልኝ፤ የትንሿን ጣቴን ያህላል። ሥሩ ያለው አጥንት ቀይ ነው፤ ደም አለው። "ይህን እግር ለመውሰድ ነበር የመጣሁት" አለኝ በአረብኛ። "ኸላስ፣ አበቃ፤ አንተው ያዘው።"

ነጩን ክኒን ለተጨማሪ ሦስት ሳምንት እንድቀጥል አዞኛል፤ ሐኪሙም ከገዳሪፍ ልኮልኛል። ሰልፉም አልቀረም፤ አሁን የሌላውም ሰው መድኃኒት በዚያው ሰልፍ ይዋጣል። ሰው ብቻውን አልዋጠም፤ ክኒኑም አልተቆረሰም። ይህን ያሰበው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም።

ደብዳቤሽ ትላንት ነው የደረሰኝ። "ተቆርጦም ከሆነ ንገረኝ" የሚለውን አንብቤ ራሴን ጠላሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ሳታውቂ መክረምሽ የእኔ ጥፋት ነው፤ መንገዱ ቢዘጋም በጀማሉ አፍ ልልክልሽ እችል ነበር። እያሳከከኝ ጆሮዬን አልነካሁም።

ገዳሪፍ ላይ ባሱ የሚቆምበት ቦታ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጀማሉ ከጧቱ ጀምሮ ይሞላል ይላል፤ ባሱም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። በመስኮት ስታዪ ሰዎች ተቀምጠው ይሆናል። እኔን እዚያ ወንበር ላይ አትፈልጊኝ። ቆሜ ነው የምጠብቅሽ።

ወንድምሽ አስናቀው